«ሰጠ»ን ከ«ሸጠ» የሚለይ ሞኒተር፦ ከምርጫው እስከ አተካከሉ

«ቤቱን ለወንድሙ ሰጠ» እና «ቤቱን ለወንድሙ ሸጠ» የሚሉትን የምትለያቸው በአንድ ፊደል አናት ላይ የተጋደመች ጭረት ናት። በወረቀት ላይ ጎልታ ትታያለች። በተራ የቢሮ ሞኒተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች የአንዷ፣ ውፍረት ብቻ ይደርሳታል። ሪዞሉሽኑ (በጎንና በቁመት የሚታየው የፒክስል ብዛት) ከተዛባ፣ ኬብሉ ደካማ ከሆነ ወይም ስክሪኑ ለስፋቱ የሚመጥን ፒክስል ከሌለው ከሥሯ ካለው ፊደል ጋር ተዋህዳ ትደበዝዛለች። ውል የሚያዘጋጁ፣ የፍርድ ውሳኔ የሚተይቡ፣ መጽሐፍ የሚያርሙና የሚተረጉሙ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያፈጡት እንዲህ ባሉ ጭረቶች ላይ ነው። ዓይናቸው ሲቃጠልና ማጅራታቸው ሲይዛቸው ዕድሜያቸውን ወይም መነጽራቸውን ይጠረጥራሉ። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፊታቸው የተቀመጠው ሞኒተር፣ ከዚያም በላይ የተገናኘበትና የተስተካከለበት መንገድ ነው።

ሱቅ ሲገባ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ኢንች ነው?» የሚለው ነው። ኢንች የሚነግረን ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ርዝመት ብቻ ነው። አማርኛ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ከዚያ የሚቀድመው፣ በእያንዳንዱ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል ተደርድሯል የሚለው ነው። ለማወቅ የጎኑን ፒክስል በራሱ፣ የቁመቱንም በራሱ አባዝቶ መደመር፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት ወስዶ ለኢንቹ ማካፈል ይበቃል፤ የስልክ ካልኩሌተር ይሠራዋል። 24 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው 23.8 ኢንች ሞኒተር 1920 በ1080 ከሆነ በኢንች 93 ፒክስል ግድም አለው። ያው 1920 በ1080 በ27 ኢንች ላይ ሲለጠጥ ወደ 82 ይወርዳል። 27 ኢንቹ 2560 በ1440 ከሆነ 109፣ 4ኬ ማለትም 3840 በ2160 ከሆነ ደግሞ 163 ይደርሳል። ብዙ ቢሮ ውስጥ አሁንም የሚገኘው ካሬ የሚመስለው 19 ኢንች፣ 1280 በ1024 የሆነው፣ 86 ነው ያለው።

ይህን በፊደል ላይ እንየው። ዊንዶውስ በ100 ፐርሰንት ስኬል (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በሚያተልቀው ቅንብር)፣ ወርድም በ100 ፐርሰንት ዙም ላይ ሳለ በ12 ፖይንት የተጻፈ ፊደል የሚሰፍርበት ሳጥን ቁመቱ 16 ፒክስል ነው። ከላይና ከታች የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ለፊደሉ ለራሱ 11 ግድም ይቀረዋል። በዚያች ቁመት ውስጥ ሣልሱ «ቢ» እግሩ ላይ ጭረት፣ ኃምሱ «ቤ» ደግሞ ቀለበት ማሳየት አለባቸው። ቀለበት ለመሣል ቢያንስ 3 በ3 ፒክስል ያስፈልጋል። መሀል ያለችው አንዲት ፒክስል ባዶ ሆና ካልቀረች ቀለበቱ ይሞላል፤ ያኔ «ቤ» እና «ቢ»፣ «ሌ» እና «ሊ»፣ «ሜ» እና «ሚ» የሚለዩት በዓይን ሳይሆን በግምት ይሆናል። የላቲን ፊደል ትንሹም ትልቁም ተቆጥሮ 52 ቅርጽ ነው። የአማርኛው ገበታ 33 ፊደል በሰባት በሰባት ተባዝቶ 231 ቅርጽ ሲሆን፣ ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ «ይበቃል» የተባለ ሞኒተር ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል።

አሁን ሚሊሜትሩን እናስላ። በ24 ኢንቹ ላይ ያ 16 ፒክስል ቁመት ሲለካ 4.4 ሚሊሜትር ነው። 1920 በ1080 በሆነው 27 ኢንች ላይ ፊደሉ ወደ 5 ሚሊሜትር ይተልቃል፤ የተሠራው ግን በዚያው በ16 ፒክስል ነው። ፊደሉ ተለቀ እንጂ አልጠራም፣ ጠርዙም ሻካራ ሆኖ ይታያል። 27 ኢንች 4ኬ ላይ ስኬሉ 175 ፐርሰንት ሲደረግ ፊደሉ 4.4 ሚሊሜትር ሆኖ ይቀመጣል፤ ነገር ግን በዚያች ቁመት ውስጥ 28 ፒክስል ሰፍሯል። «ሸ» አናቷ ላይ ያለው ጭረት ሁለት ፒክስል ያህል ያገኛል፣ የ«ቤ» ቀለበትም መሀሉ ክፍት ሆኖ ይታያል። 2560 በ1440 የሆነው 27 ኢንች በ125 ፐርሰንት ስኬል 20 ፒክስል ይሰጣል፣ ቁመቱም 4.7 ሚሊሜትር ይሆናል።

ከዚህ ተነስቼ የምሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። 1920 በ1080 የሆነ 27 ኢንች ለጽሑፍ ሥራ አይገዛ፤ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ገንዘቡ ለ1920 በ1080 ብቻ ከበቃ ከ24 ኢንች አይለፍ። ትንሽ መጨመር ከተቻለ 27 ኢንች 2560 በ1440፣ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚያርም ሰው ከሆነና አቅም ካለ ደግሞ 27 ኢንች 4ኬ። የማክ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች በዚህ ላይ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሞሃቪ ከተባለው የማክ ሥርዓት ጀምሮ ፊደልን በፒክስል ክፋዮች (በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ባሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች) የማለስለሱን ዘዴ ስላስቀረ፣ ማክ በኢንች ጥቂት ፒክስል ካለው ሞኒተር ጋር ሲያያዝ ፊደሉ ከዊንዶውሱ ይልቅ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ የኪስ ጉዳይ ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሞኒተር ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞረው ከዱባይና ከሌላም አገር ወደሚመጣው፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ ወደሚሸጠው ዕቃ ነው። ይህ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ከቢሮ የወጣ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ 24 ኢንች አይፒኤስ (ከየትኛውም ጎን ተመሳሳይ የሚታይ የስክሪን ዓይነት)፣ ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል ማቆሚያ ያለው፣ ከአንድ ርካሽ አዲስ ሞኒተር ይሻላል። የሚጎዳው ሳይፈትሹ መግዛት ነው።

ለመፈተሽ ላፕቶፕና የራስ ኬብል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በላፕቶፑ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና መካከለኛ ግራጫ የሆኑ ስድስት ሥዕሎች፣ እንዲሁም በ11 ፖይንት «ሰጠ ሸጠ፣ ቢ ቤ፣ ሊ ሌ፣ ነ ኘ፣ ተ ቸ፣ ጠ ጨ» የሚል መስመር የተጻፈበት አንድ ገጽ ቀድመው ያስቀምጡ። ነጩ ሥዕል ላይ ጥቁር ሆነው የቀሩ ፒክስሎችና ጠርዝ አካባቢ የቢጫ ጥላ ይታያሉ። ጥቁሩ ላይ ከማዕዘን የሚያፈተልክ ብርሃን ይታያል፤ ጥቂቱ የተለመደ ነው፣ እንደ ባትሪ መብራት የሚያበራ ከሆነ ግን ስክሪኑ ተጨንቋል ወይም ወድቋል። ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ግራጫው ነው። ለዓመታት አንድ ዓይነት የባንክ ወይም የካሸር መስኮት ሲያሳይ የኖረ ስክሪን ግራጫው ላይ የዚያን መስኮት ቅርጽ እንደ ጥላ ያወጣል። ያ ጥላ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ አይለቅም ብሎ መያዝ ነው።

ግማሽ ሰዓት ማለቴ በምክንያት ነው። የኋላ መብራት መርገብገብ፣ በቁም የሚወርድ ቀጭን መስመር፣ በራሱ መጥፋትና መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ዕቃው ሲሞቅ ነው። ሻጩ «ይኸው በራ» ብሎ በሁለት ደቂቃ ካጠፋው አልተፈተሸም። በተረፈ የኬብል መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር፣ የተሰካውን ኬብል በቀስታ ነቅነቅ አድርጎ ምስሉ መቆራረጡን ማየት፣ የሜኑ ቁልፎቹን ሁሉ መጫን። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ የተመረተበትን ወርና ዓመት ብዙ ጊዜ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ የኋላ መብራቱ በኤልኢዲ ሳይሆን በቀጫጭን ፍሎረሰንት ቱቦ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ቱቦዎች ሲያረጁ ምስሉ ጠዋት ሲከፈት ወደ ቀይ ያደላል፣ ለመድመቅም ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በስጦታም ቢመጣ ለጽሑፍ አይመከርም።

ስለ ስክሪኑ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቲኤን የሚባለው ከታች ሲታይ ቀለሙ ይገለበጣል፣ ከጎን ሲታይም ይለወጣል፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ቦታ ላይ አይሆንም። አይፒኤስ ከየትኛውም ጎን ተመሳሳይ ይታያል፣ ለቢሮና ለፎቶ ሥራ ይህ ይመረጣል። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ንጽጽሩ ከአይፒኤስ ሦስት እጥፍ ግድም ይደርሳል፤ ጥቁር መደብ ላይ ያለ ጽሑፍ ወደ ላይ ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ግን ጥላ ይጎትታል። ኦሌድ ለፊልም ድንቅ ነው። ለሥራ ግን የማይንቀሳቀሰው የታችኛው የተግባር አሞሌ በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በአንዳንዶቹ የፒክስል ክፋዮቹ አደራደር የተለየ ስለሆነም የፊደል ጠርዝ ላይ ቀለም ይታያል። የኸርዝ ቁጥሩ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገረው፣ ለጌም ተጫዋች ወሳኝ ነው። ለጽሑፍ 60 ይበቃል፣ 75 ወይም 100 ከሆነ ገጽ ሲንሸራተት ለዓይን ይለሰልሳል። ለ144 ኸርዝ ብሎ ፒክስሉን መቀነስ ግን ለሚያነብ ሰው ኪሳራ ነው።

ጥሩ ሞኒተር ገዝቶ በመጥፎ ኬብል ማበላሸት በጣም የተለመደ ነው። ባለ 15 እግሩ፣ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ቪጂኤ አሁንም ብዙ ቢሮ ውስጥ አለ። ቪጂኤ ምስሉን የሚልከው በአናሎግ ስለሆነ ሞኒተሩ እያንዳንዱ ፒክስል የት እንደሚጀምር መገመት አለበት። ግምቱ በግማሽ ፒክስል ሲስት ያቺ አንድ ፒክስል የሆነች ጭረት ለሁለት ትከፈልና ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ፊደል ቀኝ በኩል ደብዛዛ ጥላ ይታያል፤ ይህ ጥላ የዓይን ችግር አይደለም፣ ሲግናሉ ኬብሉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚፈጥረው ነው። ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት ከሚባሉት ዲጂታል መሰኪያዎች አንዱ ካላቸው ቪጂኤውን ነቅሎ በአንዱ መተካት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ በትንሹ ገንዘብ ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ከቪጂኤ ሌላ ከሌለ፣ ነጭ መደብ ላይ በትንሽ ፊደል የተሞላ ገጽ ከፍቶ የሞኒተሩን «አውቶ» ቁልፍ መጫን ይገባል። ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ከተጫነ ሞኒተሩ የሚለካበት ጠርዝ አያገኝም።

ከዚያ አዳፕተሮቹ አሉ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ትንሽ መሣሪያ ውስጡ ቺፕ አለው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። ርካሹ ይግላል፣ የሞኒተሩንም ማንነት ለኮምፒውተሩ ሳያስተላልፍ ይቀራል። ያኔ ዊንዶውስ ምን ዓይነት ሞኒተር እንደተሰካ ስለማያውቅ 1024 በ768 ላይ ይቆማል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ኬብልም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዲስፕሌይፖርት፣ ሞኒተሩ ላይ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ይሠራል፤ በተቃራኒው አይሠራም። ላፕቶፓቸው ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ሰዎች ይህን ሳያውቁ ይገዙና «ሞኒተሩ ሞቷል» ብለው ይመልሱታል። የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉም ምስል አያወጣም፤ ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት መኖሩን ማየት፣ ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር መመልከት ነው። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የተሠራ የዩኤስቢ-ሲ ኬብልም አብዛኛውን ጊዜ ምስል አያስተላልፍም። 4ኬ የሚገዛ ሰው ላፕቶፑ ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ 4ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ እንደሚያሳድስ ይወቅ፤ ማውሱ ሲጎተት የሚንገራገጨው በዚህ ነው። ለ60 ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር መጠቀም የሚፈልግ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ትንሽ አጉልቶ ጠርዙን ስለሚቆርጠው እያንዳንዱ ፒክስል ከቦታው ይነቃነቃል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የቀለሙን መረጃ ስለሚቀንሱ ነጭ ላይ ያለ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጽሑፍ ይቀልጣል። የሥዕሉን መጠን «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» ወደሚለው መቀየር፣ የመግቢያውንም ስም «ፒሲ» ማድረግ ብዙዎቹን ያስተካክላቸዋል።

ሞኒተሩ ከተሰካ በኋላ ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ መግባት። ሪዞሉሽኑ «ሪኮመንድድ» የሚለው ላይ መሆን አለበት። ፊደል ለማተለቅ ብሎ ሪዞሉሽኑን ማውረድ በየቢሮው የሚታይ ስህተት ነው። ስክሪኑ ያለው የፒክስል ብዛት ቋሚ ነው፤ 1920 የሆነውን 1366 ሲሉት እያንዳንዷን ፒክስል በአንድ ነጥብ አራት ማካፈል ስለማይችል ሁሉንም ያደበዝዛል። ፊደል የሚተልቀው በስኬል ነው፤ 125፣ 150 እያሉ መሞከር፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ መልሶ መግባት፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች ተዘግተው እንደገና ካልተከፈቱ አይታረሙምና። «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብቶ ኸርዙን ማየትም አይዘንጋ፤ 100 ኸርዝ የተገዛ ሞኒተር 60 ላይ ሆኖ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ በመፈለጊያው ላይ «ClearType» (ክሊርታይፕ) ብሎ ጽፎ የሚወጣውን፣ ፊደልን የሚያጠራ መሣሪያ ከፍቶ የሚቀርቡትን ናሙናዎች እያነጻጸሩ የጠራውን መምረጥ። ናሙናዎቹ እንግሊዝኛ ቢሆኑም ምርጫው ለአማርኛውም ይሠራል። ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም የታጠበ የሚመስል ከሆነ ኤችዲኤምአዩ የቴሌቪዥን ቀለም ክልል እየላከ ነው፤ በግራፊክስ ካርዱ መቆጣጠሪያ ውስጥ የቀለሙን ክልል «ፉል» ማድረግ ይፈታዋል።

ፎንቱም ድርሻ አለው። ኒያላ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በስክሪን ላይ ግን ጭረቱ ቀጭን ነው፣ በተመሳሳይ ፖይንትም ከሌሎቹ ያነሰ ይታያል። በሥራ ላይ ሳሉ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ሰነዱ ሲያልቅ የሚፈለገው ፎንት ቢደረግ ዓይን ያርፋል።

የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ፋብሪካው የሚልከው ብራይትነስ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ነው። ይህ ሱቅ ውስጥ ጎልቶ እንዲታይ የተደረገ እንጂ ለንባብ አይደለም። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ መያዝ፣ ነጭ ገጽ መክፈት፣ ከዚያ ሁለቱ ተመሳሳይ እስኪመስሉ ብራይትነሱን ማውረድ። በተራ ክፍል ውስጥ ከ20 እስከ 40 መካከል ያርፋል፤ ማታና ቀን ይለያያል። ኮንትራስቱና ሻርፕነሱ ፋብሪካው ባስቀመጠው ይቆዩ። ሻርፕነስ ሲጨመር ፊደሉ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያወጣል እንጂ አይጠራም። «ዳይናሚክ ኮንትራስት» ይጥፋ፣ የቀለሙ ሙቀት 6500 ወይም «ዋርም» ይሁን። ብራይትነሱ ሲወርድ ራስ የሚያሳምም ሞኒተር ካለ በስልክ ካሜራ ይታይ። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ከታዩ መብራቱ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ነው የሚደበዝዘው፤ እንዲህ ያለውን ብራይትነሱን ከፍ አድርጎ ክፍሉን ማብራት ይሻላል።

አቀማመጡ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከፍታውን ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱ ክንድ ሲዘረጋ የሚደርስበት፣ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር፣ ወደ ኋላም ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ዘመም ብሎ። ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ግን ከዚህም ዝቅ ማድረግ አለባቸው። የሚያነቡት በመነጽሩ ታችኛ ክፍል ስለሆነ፣ ሞኒተሩ ከፍ ካለ አገጫቸውን ቀና አድርገው ነው የሚውሉት፤ የማጅራት ሕመሙም ከዚያ ነው። መስኮቱ ከጎን ይሁን። ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከፊት ከሆነ ዓይን ከብርሃኑ ጋር ሲታገል ይውላል። ማቆሚያው ከፍ የማይል ከሆነ ጀርባውን ማየት ነው። አራት ቀዳዳዎች በ75 ወይም በ100 ሚሊሜትር ርቀት ካሉ የጠረጴዛ ክንድ ይቀበላል፤ ብሎኑ በአብዛኛው ባለ 4 ሚሊሜትር ነው። ረጅም ብሎን ገፍቶ ማስገባት ስክሪኑን ከኋላ ይወጋዋል።

ስለ ዓይን ሲነሳ የስክሪንን ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለው የ«ብሉ ከት» መነጽር ሳይነሳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ እነዚህ መነጽሮች በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ከተራው መነጽር በተለየ እንደማይቀንሱ ነው የደመደመው፤ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክራቸውም። ዓይን የሚደርቀው ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንቀንስ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ለመነጽሩ የታሰበው ብር ለተሻለ ሞኒተር ቢጨመር የበለጠ ይጠቅማል።

መብራት ሲቆራረጥ ሞኒተሩን የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ መምጣቱ ነው። ዲቫይደር ብቻውን መከላከያ አይደለም፤ መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ነው። 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር ከ20 እስከ 30 ዋት ቢወስድ ነው። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ቻርጀሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ መሰካት ማባከን ነው፤ እዚያ ሞኒተሩና የኢንተርኔቱ ራውተር ብቻ ቢሰኩ ባለ 650 ቪኤ ትንሽ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ ሳለ አንድ ሰዓት ግድም ሊይዛቸው ይችላል። አዳፕተሩ ከውጭ የሆነ ሞኒተር ሲገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከአዳፕተሩ ጋር መመሳሰል አለበት። ብዙ የሳምሰንግ ሞኒተሮች 14 ቮልት፣ ብዙ የኤልጂዎቹ 19 ቮልት ናቸው፤ ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከገልፍ አገር ለዘመድ የሚልኩ ሰዎችም አሉ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የፓወር ኬብሉን ብቻ እዚህ መቀየር ነው። የአየር መንገድ ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም 23 ኪሎ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ የ24 ኢንች ካርቶን በዚያ ውስጥ ይገባል። ማቆሚያውን ፈትቶ ለብቻ መጠቅለል፣ የስክሪኑን ፊት ከሻንጣው ጠንካራ ጎን አቅጣጫ አድርጎ በመሀል ጠፍጣፋ ካርቶንና ብርድ ልብስ ማስገባት። የሚሰብረው ብዙ ጊዜ መውደቁ ሳይሆን ጫማ ወይም ጠርሙስ ከፊቱ ተቀምጦ በአንድ ነጥብ መጫኑ ነው።

አዲስ የመግዛት በጀት ለሌለው ቢሮም የሚሠራ ነገር አለ። ያ 19 ኢንች ሞኒተር 1280 በ1024 ላይ መሆኑን ማረጋገጥ፤ 1024 በ768 ወይም 1280 በ720 ላይ ተለጥጦ የሚሠራው ብዙ ነው። ቪጂኤውን በዲቪአይ መተካት፣ ካልሆነ አጭርና ወፍራም ቪጂኤ ማግኘት። ስክሪኑን አጥፍቶ በንጹሕ ውኃ ትንሽ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤ አልኮልና የመስታወት ማጽጃ የላይኛውን ሽፋን ሊልጡት ይችላሉ። ወርድን 130 ወይም 140 ፐርሰንት ዙም ላይ አድርጎ መሥራት፤ የገጹ ስፋት ቢቀንስም ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው ፒክስል ከ16 ወደ 21 እና 22 ያድጋል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2018 በእኛ አቆጣጠር ያበቃ በመሆኑ ኮምፒውተር የሚቀይር መሥሪያ ቤትም ሞኒተሩን አብሮ መጣል የለበትም፤ ሞኒተር ከዊንዶውስ ጋር አያረጅም። ይህ ሁሉ ተደርጎ «ሰጠ» እና «ሸጠ» በ12 ፖይንት ጎን ለጎን ተጽፈው አሁንም ካልተለዩ፣ ያ ሞኒተር የጥበቃ ካሜራ ይታይበት፤ ውል ግን አይጻፍበት።